ለሐውልቷ አረንጓዴ ጀርባ

ጥያቄ፦ ከበረንዳችን ፊት ለፊት ባዶ የብሎኬት አጥር አለ፤ በመካከል ያለው የሣር ቦታ ጠባብ ነው። በቅርቡ በጥንታዊ ግሪኮች ዘይቤ ከሲሚንቶ የተሠራች፣ እንስራ የተሸከመች ሴት ሐውልት ገዛን። እኔ ሐረግ እንዲወጣባት እፈልጋለሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ ሁለት ሐውልቶች ቢጨመሩ ግቢው ይደምቃል ይላል። ምን ትመክሩናላችሁ?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ሐረጉ በሐውልቷ ላይ ሳይሆን ከኋላዋ ባለው አጥር ላይ ቢወጣ ይሻላል፤ ለተጨማሪዎቹ ሐውልቶች ያሰባችሁትንም ገንዘብ ለችግኝና ለጥሩ አፈር አውሉት።

በእርግጥ ሐውልት መደርደር የኖረ ልማድ ነው። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቲቮሊ ላይ ባሠራው መኖሪያ፣ በአቴንስ የኤሬክቴዮን ቤተ መቅደስ ጣሪያ በራሳቸው የተሸከሙትን ሴቶች አስመስሎ አስቀርጾ በአንድ ረጅም ገንዳ ዳር አስቁሟቸው ነበር። ያ ረድፍ የሚያምረው ግን ተመልካቹ ከገንዳው ማዶ ሆኖ በርቀት ስለሚያየው ነው። ከበረንዳው ጥቂት እርምጃ ብቻ በሚርቅ አጥር ሥር ሦስት ሐውልት ቢቆም ዓይን ማረፊያ ያጣል፤ ግቢውም የሐውልት መሸጫ ይመስላል። ለጠባብ ግቢ አንድ ሐውልትና ከጀርባው ጠቆር ያለ አረንጓዴ ቅጠል ይበቃል፤ የፊቷና የልብሷ እጥፋት ጎልቶ የሚታየውም ከኋላዋ ጥላ ሲኖር ነው።

አይቪን የመሰሉ ሐረጎች ከግንዳቸው በሚያወጧቸው ጥቃቅን ሥሮች ሲሚንቶ ላይ ይጣበቃሉ፤ ሲነቀሉም ምልክታቸው ይቀራል። ከዚያ የሚብሰው እርጥበቱ ነው። በሲሚንቶ ሐውልት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ፌሮ ወይም ሽቦ አለ፤ በቅጠል የተሸፈነ ሐውልት ከዝናብ በኋላ ቶሎ ስለማይደርቅ ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ብረቱ ይዝጋል፣ የዛገ ብረት ደግሞ ስለሚያብጥ ሲሚንቶውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። እንደ ጣትና እንደ እንስራው ጆሮ ያሉት ቀጫጭን ክፍሎች ለዚህ ጉዳት ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

አጥሩ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ከሆነ ቡገንቪሊያ ይስማማዋል፤ ሆኖም እሾህ አለው፣ ደማቅ ቀለሙም ዓይንን ከሐውልቷ ይነጥቃል። እኔ የምመርጠው ነጭ አበባውና መዓዛው ደስ የሚያሰኘውን የአገራችንን ጠምበለል ነው። የሚጠመጠምበት ነገር ስለሚፈልግ ከአጥሩ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ያራቀ ሽቦ ይወጥሩለት። ችግኙንም ከአጥሩ ሥር ሳያስጠጉ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቀው በሰኔ ይትከሉት፤ ክረምቱ ሥር ያስይዝልዎታል።

ሐውልቷን እንዲሁ ሣር ላይ አያቁሟት። በተለይ አፈርዎ ጥቁር ከሆነ በክረምት እያበጠ፣ በበጋ እየተሰነጠቀ ያዘነብላታል፤ በግቢው ልጆች የሚጫወቱ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የጌጥ ብቻ አይደለም። ስለዚህ የአርማታ መሠረት አስጥለው መቆሚያዋን በፌሮ ያሳስሩ፤ የመሠረቱ ገጽ ውሃ እንዳያቁር በትንሹ ያዘቅዝቅ። ክረምቱ ሲያልፍ የሚታየውን አረንጓዴ ልባስ በለስላሳ ብሩሽና በውሃ ብቻ ያጥቡት፤ አሲድ የሲሚንቶውን ገጽ ይበላዋል። ጠምበለሉ እያደገ ሲመጣም ቅርንጫፎቹ በሐውልቷ ትከሻ ላይ እንዳይወድቁ አበባው በረገፈ ቁጥር ይከርክሙት፤ ከጀርባዋም አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተዉ።