ቢጫው ካና ለምን ማበብ አቆመ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ካና ስለተባለው የአበባ ተክል የደረሱን ጥያቄዎች በርከት በማለታቸው የዚህን እትም ዓምድ ለእሱ ብቻ ሰጥተነዋል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረን አቅርበናል። ከሁሉ በላይ የተደጋገመው የመጀመሪያው ስለሆነ ሰፋ አድርገን መልሰነዋል።

«አጥራችን ሥር የተከልነው ቢጫ ካና ቅጠሉ ከሰው ቁመት ያልፋል፤ አበባው ግን በዓመት ሁለት ሦስት ቢሆን ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዲህ አልነበረም። ፍግ በየጊዜው እናደርግለታለን። ምን አጎደልን?» (ከቡራዩ)

ያጎደላችሁት መቀስ ሳይሆን አይቀርም። አንድ የካና አገዳ በዕድሜው የሚያብበው አንድ ወቅት ብቻ ነው። ጫፉ ላይ የአበባ ዘንግ ያወጣል፤ የዚያ አበባ ሲያልቅ ከታቹ ካለው ቅጠል ብብት አንድ ወይም ሁለት ዘንግ ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሥራውን ጨርሷል። ሳይቆረጥ ሲቀር አዲስ ለሚወጣው ቡቃያ ፀሐይ ይከለክላል፣ ፍሬም ማብሰል ይጀምራል። ፍሬ ላይ የሚውለው ጉልበት ደግሞ ለቀጣዩ አበባ ሊሆን ይችል የነበረው ነው።

አቆራረጡ ሁለት ደረጃ አለው። አበባዎቹ ሲጠወልጉ ዘንጉን ከመቁረጣችሁ በፊት ከሥሩ ያለውን የቅጠል ሽፋን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ቀጭን አረንጓዴ ጫፍ ከታየ ሁለተኛው ዘንግ ነውና ከእሱ በላይ ብቻ ቁረጡ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩልና የሚመጣውን አበባ አብሮ ይጥለዋል። ሁሉም ዘንግ አብቅቶ ሲያልቅ አገዳውን ከመሬት ጥቂት ጣት ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡት።

ቀጥሎ ፀሐዩን ተመልከቱ። ካና በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ስትተክሉት ፀሐይ የነበረው ቦታ ጎረቤት ፎቅ ከሠራ ወይም የአጥሩ ዛፍ ካደገ ወዲህ ጥላ ሆኖ ይሆናል። ጥላ ሥር ያለ ካና ቅጠሉ ይረዝማል፣ አበባ ግን ይነፍጋል። የፍጉም ነገር ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ናይትሮጅን ሲበዛ ተክሉ ወደ ቅጠል ስለሚያደላ ዩሪያን ጨርሶ ተዉት። በክረምቱ መግቢያ ለአንድ እግር ሁለት አካፋ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ይበቃል። ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል። አፈራችሁ ቀይ ከሆነ በዓመት አንድ ጊዜ አንድ ጭብጥ የእንጨት አመድ ብትበትኑ ፖታሽየም ይሰጠዋል፤ በጥቁር አፈር ላይ ግን አመድ አንመክርም።

ሦስተኛው ምክንያት መጨናነቅ ነው፤ «በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዲህ አልነበረም» ያላችሁት ወደዚህ ያመለክታል። ከአፈር በታች ያለውን ሁላችንም ሥር እንበለው እንጂ በትክክል ሲታይ ወደ ጎን የሚሄድ፣ ዓይን ያለው ወፍራም ግንድ ነው። በየዓመቱ ወደ ውጭ እየተስፋፋ መሃሉን ባዶና ያረጀ አድርጎ ይተወዋል። ስለዚህ በየሦስት ዓመቱ ገደማ መንቀልና መከፋፈል ግድ ነው።

በእናንተ አካባቢ ለዚህ የሚመቸው የበልግ ዝናብ መሬቱን ካራሰ በኋላ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ነው። አገዳዎቹን አንድ ስንዝር ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡ። ከእግሩ 30 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብላችሁ ዙሪያውን በዶማ ቆፍሩና ከሥር ፈንቅላችሁ አውጡት፤ ከላይ ጎትቶ መንቀል ዓይኖቹን ይሰብራል። አፈሩን አራግፋችሁ እያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ወይም ሦስት ጤነኛ ዓይን እንዲኖረው አድርጋችሁ በስለታም ቢላ ክፈሉት። ጤነኛው ሥር ሲቆረጥ ውስጡ ነጭና ጠንካራ ነው። ቡናማ፣ የላላ ወይም የሚሸት ከሆነ ጣሉት። ቁራጮቹን አንድ ቀን ጥላ ላይ አሳድሯቸው፤ ቁስሉ ሳይደርቅ የተተከለ ሥር በቀላሉ ይበሰብሳል። ከዚያ ዓይኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በመሃላቸው 50 ሴንቲ ሜትር ትታችሁ ትከሉ። አንዴ በደንብ አጠጡና ቡቃያ እስኪታይ ድረስ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ሥር ያላበቀለ ቁራጭ ብዙ ውሃ መጠጣት አይችልም።

«አፈራችን ዋልካ ነው። ሐምሌ ላይ የተከልኳቸው ሁሉ በሰበሱ። ካና ውሃ ይወዳል ሲባል አልነበረም እንዴ?» (ከአቃቂ)

ይወዳል፤ ሥር ከሰደደ በኋላ። እንዲያውም የቆሸሸ ውሃ በተክል ለማጣራት በሚሠሩ ረግረግ መሰል ገንዳዎች ውስጥ ከሚመረጡት ተክሎች አንዱ ካና ነው። ነገር ግን አዲስ የተቆረጠ ሥር ሐምሌ ላይ ውሃ ባቆረ ዋልካ ውስጥ ሲገባ አየር ያጣል፤ ሥር ከማብቀሉ በፊት ይበሰብሳል። የተሳሳተው የተተከለበት ጊዜ ነው።

ሁለት መንገድ አለዎት። አንደኛው በበልግ ተክሎ ክረምቱ እስኪገባ ሥር እንዲሰድ ማድረግ ነው። ያ ካለፈዎት መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ ይትከሉ፤ በጋውን ማጠጣት ግን ይጠበቅብዎታል። በሁለቱም ጊዜ መደቡን ከመሬቱ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይሥሩት፤ ገበሬው ጥቁር አፈር ላይ ለስንዴው እንደሚያደርገው ሁሉ በመደቡ ዳር ውሃ ማጠንፈፊያ ቦይ ያውጡለት። ጉድጓድ ቆፍሮ በመልካም አፈር መሙላት ብቻውን አይረዳም፤ በዋልካ መሃል የተቆፈረ ጉድጓድ የዙሪያውን ውሃ ሰብስቦ ይይዛል።

«ኅዳር መጨረሻ ላይ ውርጭ መታውና በአንድ ሌሊት ጠቆረ። ሞቷል ማለት ነው?» (ከሱሉልታ)

የሞተው ላዩ ነው። ካና የሞቃታማው አሜሪካ ተክል ስለሆነ ቅጠሉ ውርጭ አይችልም፤ ከአፈር በታች ያለው ክፍል ግን አፈሩ ራሱ ካልረጋ በስተቀር ይተርፋል። የጠቆረውን ወዲያው አይቁረጡት። ውርጩ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል የደረቀው ቅጠል ለሥሩ መጠለያ ይሆናል። በላዩ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ይጨምሩበት፤ ውሃውንም ይቀንሱ፤ ቅጠል የሌለው ተክል ብዙ አይጠጣም። የካቲት ሲገባ ገለባውን ገለጥ አድርገው አሮጌውን አገዳ ከመሬት ይቁረጡና ማጠጣት ይጀምሩ። ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ቀን ፀሐይ የሚያገኘውን ግድግዳ ጥግ ይምረጡለት፤ ግድግዳው ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ስለሚሰጥ ልዩነቱ ይታያል። ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅተኛ ቦታ ስለሚወርድ የግቢው ተዳፋት መጨረሻ ከሁሉ የከፋው ቦታ ነው።

«ቅጠሉ ላይ ቢጫ መስመር ይታያል። ማዳበሪያ ጨመርኩ፣ ለውጥ የለም። ጎረቤቶቼ ደግሞ ሥሩን አካፍይን እያሉ ይጠይቁኛል።» (ከለገጣፎ)

እባክዎን ለጊዜው ለማንም አያካፍሉ። በመጀመሪያ የቢጫውን ዓይነት ይለዩ። ከታች ያለው ያረጀ ቅጠል ሙሉ በሙሉ፣ ያለ መስመር ወደ ቢጫ ከሄደ የናይትሮጅን እጥረት ነው፤ ኮምፖስት ይመልሰዋል። ከላይ ያለው ለጋ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ደም ሥሮቹ ብቻ አረንጓዴ ከቀሩ የብረት ማዕድን እጥረት ነው፤ ይህ ካልሲየም በበዛበት አፈር ላይ፣ በተለይም የግንባታ ኖራና ሲሚንቶ በተደፋበት አዲስ ግቢ የሚታይ ነው። ደም ሥሩን ተከትሎ የሚሄድ የተቆራረጠ ቢጫ ወይም ነጣ ያለ መስመር፣ የተጨማደደ ቅጠል፣ ዝንጉርጉር የሆነ አበባ ከሆነ ግን ቫይረስን መጠርጠር ነው። የተክል ቫይረስ መድኃኒት የለውም። ማዳበሪያም አያድነውም፤ ምልክቱን የሚሸሽግበት ጊዜ ይኖራል እንጂ።

ያለው መፍትሔ ሥሩን ሳያስቀሩ ነቅሎ ማቃጠል ነው። ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ አይጣሉት፤ የቀረች ቁራጭ ብታቆጠቁጥ በሽታውን ይዛው ትነሣለች። ቫይረሱ በዋናነት የሚዛመተው በምንከፋፈለው ሥር ነው፤ አንዳንዱ ዓይነት ደግሞ በክሽክሽ አማካይነት ይተላለፋል። ቢላውንና መቀሱን አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር በተበረዘበት ውስጥ አሥር ደቂቃ ዘፍዝፈው በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ፣ በጨርቅ ያድርቁ፤ ካልሆነ ብረቱ ይዝጋል። ምልክት የሌለበት የሚመስለውንም እግር ቢያንስ አንድ ሙሉ ወቅት ቅጠሉን ሳያዩ አያካፍሉ።

ከቫይረሱ ጋር የሚምታታ ሌላም አለ። ከቅጠሉ የታችኛው ገጽ በኩል በጣት ሲታሽ የሚለቅ ብርቱካንማ ዱቄት ካዩ ዋግ ነው፤ ስንዴ ላይ ከምናውቀው ጋር የአንድ ቤተሰብ ፈንገስ ነው። ይሄ አያስነቅልም። የተያዙትን ቅጠሎች ቆርጠው ያቃጥሉ፣ እግሮቹን ያራርቁ፣ ውሃ ከቅጠሉ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ያፍስሱ።

«ቢጫ ብዬ ገዝቼ ከአንዱ አገዳ ግማሹ ቀይ የሆነ አበባ ወጣ። ተበላሸ?» (ከሰበታ)

አልተበላሸም፤ አንዳንዱ ሰው ይህንኑ ፈልጎ ይገዛል። «ክሊዮፓትራ» በሚል ስም የሚታወቀው ዓይነት በአንድ አካሉ ሁለት ዓይነት ሕዋስ ስላለው ቢጫና ቀይ እያቀላቀለ ያወጣል፤ አንዳንዴ ቅጠሉም ላይ ሐምራዊ ሰንበር ይታያል። ሰንበሩ ጠርዙ የተለየ፣ ቅጠሉም ያልተጨማደደ ስለሆነ ከቫይረስ ጋር አያሳስትም። ንጹሕ ቢጫ ብቻ ከፈለጉ ሙሉ ለሙሉ ቢጫ ያበበውን አገዳ በክር ምልክት አድርገው ሲከፋፍሉ የእሱን ዓይን ለይተው ይትከሉ።

አበባውን ጠጋ ብለው ቢያዩት ደስ ይላል። የምናደንቀው ሰፊው ቢጫ ክፍል እውነተኛው ቅጠለ አበባ አይደለም፤ ወደ ቅጠልነት የተለወጡ የወንዴ ክፍሎች ናቸው። እውነተኞቹ ሦስቱ ጠባብ፣ ሹልና አረንጓዴ ቀመስ ሆነው ከታች ተሸሽገዋል። የአበባ ዱቄት የሚይዘው ደግሞ ከወንዴ ክፍሎቹ የአንዱ ግማሽ ብቻ ነው።

ሙሉው ተክል ቀይ ከሆነ ግን ምናልባት የበቀለው ከወደቀ ፍሬ ነው። የዲቃላ ካና ፍሬ እናቱን አይመስልም። በፍሬ መሞከር የሚፈልግ ጥቁሩን ጠንካራ ልጣጭ ነጩ እስኪታይ በሞረድ ፈግፍጎ ለብ ባለ ውሃ ለአንድ ቀን ይዘፍዝፈው፤ ያለዚያ ውሃ አያስገባም።

«ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ይሆናል?» (ከኮዬ ፈጬ)

አጭሩ ዓይነት ከሆነ ይሆናል። የዕቃው አፍ ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ታቹ ቀዳዳ ይኑረው። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ይቀላቀሉ። በበጋ በየቀኑ ጣትዎን አፈሩ ውስጥ አስገብተው ይዩ። በየዓመቱ መከፋፈል አለበት፤ አለበለዚያ ሥሩ የፕላስቲኩን ዕቃ ይሰነጥቀዋል።

«ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው። የልብስ እጣቢ ልስጠው? በጉስ ቢበላው?» (ከየካ አባዶ)

የእጅና የአትክልት እጣቢ ያለ ስጋት ይስጡት። የልብሱን ግን በረኪና ያልገባበትን የመጨረሻውን ለቅለቂያ ብቻ፤ የሳሙና ዱቄቱ ጨው እየተጠራቀመ የቅጠሉን ዳር ያቃጥላል። በሁለት ሳምንት አንዴ ንጹሕ ውሃ በብዛት ያፍስሱበት፣ ጨው ይታጠብለታል። በጋ ላይ ለአንድ ትልቅ እግር በሳምንት አንድ 20 ሊትር ጀሪካን ለሁለት ተከፍሎ ቢሰጠው ይበቃዋል፤ አፈሩን በገለባ ከሸፈኑት ደግሞ የበለጠ ይቆያል።

በጉን በተመለከተ፣ ካና መርዝ የለውም፤ ሥሩ በደቡብ አሜሪካ ለምግብ ይውላል። የሚጎዳው ተክሉ ነው፤ ለጋውን ቡቃያ ከበላው ያ አገዳ አያብብምና አጥር ያድርጉለት። የሚቆርጡትን አሮጌ አገዳና ቅጠል ግን፣ መድኃኒት ካልተረጨበት፣ ለበጉ መስጠት ይችላሉ።