ዲቃላው ግልገል አማረ፣ እናቲቱስ መቼ ትደግማለች?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከደቡብ ወሎ፣ ለጋምቦ ነው። 14 የአገር በጎች አሉኝ። ከሦስት ዓመት በፊት የአዋሲ ዲቃላ አውራ ገዛሁ። ግልገሎቹ ደንደን ያሉ ናቸው፣ ገበያ ላይም ዓይን ይስባሉ። ግን ለዘር ካስቀረኋቸው ሴት ዲቃላዎች ሁለቱ ዓመት ተመንፈቅ አልፏቸው ገና አልወለዱም። የአገሮቹ ደግሞ ሳያቋርጡ ይወልዳሉ። የአገሩን ሸጬ ሁሉንም ዲቃላ ላድርግ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ የአገሮቹን እንዳትሸጥ። የሴቶቹ መዘግየት አብዛኛውን ጊዜ የሆድ ነገር ነው። አዋሲ ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣ፣ ለወተትም የሚረባ ትልቅ በግ ነው፤ ትልቅ ሰውነት ደግሞ ቀለብ ይጠይቃል። የአገሯ በግ ግጦሹ ተልጦ እንኳ እንደምንም ትችለዋለች። ዲቃላዋ ግን ስትራብ አውራ መፈለጉን ትተወዋለች።

እስቲ እናስላው። በግ 150 ቀን ገደማ ታረግዛለች። ከወለደች በ3 ወር ውስጥ ከያዘች በየ8 ወሩ ትወልዳለች፣ በ2 ዓመት 3 ጊዜ ማለት ነው። ዲቃላዋ በዚያው ጊዜ ሁለቴ ብቻ ከወለደች፣ የግልገሎቿ ውፍረት የቀረውን አንድ ግልገል መካስ አለበት። ደግሞ የተወለደውን ሳይሆን ጡት የጣለውን ቁጠር።

አውራው ያው የዱሮው ከሆነ ሴቶቹ ልጆቹ ናቸው፣ ከነሱ የሚወልደው ደካማ ይሆንብሃል። ሽጠው፣ ወይም ራቅ ካለ ሰፈር ሰው ጋር ተለዋወጥ። ሰው ዶርፐር (ከደቡብ አፍሪካ የመጣ የሥጋ በግ) ግዛ ቢልህ ደግሞ አንድ ነገር እወቅ፤ ዶርፐር ላት የለውም፣ ልምድ የሌለው ወጠጤ ከሆነ የኛን ባለ ላት በግ መስረር ያቅተዋል፣ እረኛው ላቷን ገለጥ አድርጎ ሊረዳው ይገባል። ሰው ይስቃል እንጂ እውነት ነው።

ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ለሴቶቹ በቀን ሩብ ኪሎ ያህል ፉርሽካና ፋጉሎ ጨምርላቸው። ጥቅምት መባቻ ላይ አውራውን ልቀቅ። ያኔ የያዘች መጋቢት ትወልዳለች፣ በልጉ ከጣለ ሣር ላይ ነው (የበልጋችንን ነገር ታውቀዋለህ)። ያልያዘች በ17 ቀን ገደማ እንደገና አውራ ትፈልጋለች፣ ስለዚህ 5 ሳምንት አብረው ይቆዩ። ሁለቱ ያኔም ካልያዙ ለገና አድልበህ ሽጣቸው።