«ማረጋገጫ እጠብቃለሁ»፦ ስለ ሙሶሊኒና ግራዚያኒ ቴሌግራሞች ለጠየቃችሁኝ

በሮምና በአዲስ አበባ መካከል በፋሽስት ዘመን ስለተላላኩት ቴሌግራሞች ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ከጠበቅሁት በላይ መጣ። የቻልኩትን መልሻለሁ። ቀኖቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ማን ነበር ለማን የሚጽፈው?

ከሮም ሙሶሊኒ ራሱ፣ እንዲሁም የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ሌሶና። ከአዲስ አበባ ደግሞ ግራዚያኒ። እሱ ከሰኔ 1928 ጀምሮ የጣልያን ምሥራቅ አፍሪካ እንደራሴ ነበር። ኤርትራና ሶማሊያም በሥሩ ነበሩ።

ጥያቄ፦ ጨካኙ ግራዚያኒ ነው፣ ሮም ብዙውን አታውቅም ነበር የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

በፍጹም። ግንቦት 28 ቀን 1928 ሙሶሊኒ የላከው ቴሌግራም የተማረኩ «ዓመፀኞች» በሙሉ ይረሸኑ ይላል። ሰኔ 1 ቀን ሌላ መጣ፦ እንደ አንኮበር ያሉትን ዓመፀኞች ለመጨረስ የመርዝ ጋዝ ተጠቀም። ሐምሌ 1 ቀን የባሰው ተከተለ። በዓመፀኞቹና በተባባሪው ሕዝብ ላይ የሽብርና የማጥፋት ፖለቲካ በዘዴ እንዲካሄድ አሁንም ፈቅጃለሁ ይላል። ብድሩ 10 እጥፍ ሆኖ ካልተመለሰ ቁስሉ በጊዜ አይድንም ይላል። መጨረሻው ላይ አንዲት አጭር መስመር አለች፦ «ማረጋገጫ እጠብቃለሁ።» እኔን የምታንገበግበኝ እሷ ናት። ሰውየው ትእዛዙን ልኮ ዝም አላለም፤ መፈጸሙን ሊሰማ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር።

ጥያቄ፦ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ «አርበኞቻችንን ለምን ዓመፀኛ ይሏቸዋል?» ብለው ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው?

እህቴ፣ ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ዋናው ይሄ ነው። ጣልያን ግንቦት 1 ቀን 1928 ኢትዮጵያ የኔ ግዛት ሆናለች ብላ አወጀች። በነሱ ሒሳብ ከዚያ ቀን በኋላ ጠመንጃ የያዘ ኢትዮጵያዊ የጠላት ወታደር አይደለም፤ ጌታው ላይ የተነሳ ተገዢ ነው። እንዲህ ካሉት የጦር ምርኮኛ መብት የለውም ማለት ነው። ራስ እምሩ በምዕራብ፣ ራስ ደስታ በደቡብ የመንግሥት ጦር ይዘው እየተዋጉ ነበር። በአንድ ቃል ሽፍታ አደረጓቸው። ደጃዝማች አበራ ካሳና ወንድማቸው አስፋ ወሰን ደግሞ ምሕረት ይደረግላችኋል ተብለው እጃቸውን ሰጡ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1929 ፍቼ ላይ ተገደሉ። ተማሪዎችሽ ይህችን ቃል ሲያዩ ቆም ብለው ማን ለማን እንዳወጣት ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የየካቲት 12 ጭፍጨፋስ ከሮም የታዘዘ ነው?

ያን ዕለት ከተማው ውስጥ ግድያውን የለቀቀው የፋሽስት ፓርቲው ኃላፊ ጊዶ ኮርቴዜ ነው፤ የሮምን ትእዛዝ አልጠበቀም። ሮም ግን ወዲያው ተከተለች። የታሰረ ሁሉ ያለእኔ ትእዛዝ አይፈታ፣ የተጠረጠረ ሲቪልም ሆነ ካህን ሳይዘገይ ይረሸን አለ ሙሶሊኒ። እዚህም ማረጋገጫ እጠብቃለሁ ብሏል።

አንድ ነገር ልጨምር። ግራዚያኒ የሐበሻውን ከተማ፣ ማለትም ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበትን የአዲስ አበባ ክፍል፣ ጨርሼ ላፍርሰው ብሎ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሙሶሊኒ ከለከለው። ይህን እንደ ርኅራኄ የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ አልቀበለውም። የፈራው የውጭውን ዓለም ጩኸት ነው።

ጥያቄ፦ ደብረ ሊባኖስ ላይ ስንት ሰው ሞተ?

ግንቦት 11 ቀን 1929 ግራዚያኒ ለጄኔራል ማሌቲ የገዳሙን ምክትል አለቃ ጨምሮ መነኮሳቱን ሁሉ ያለ ልዩነት ረሽን፣ ቁጥራቸውንም አሳውቀኝ ብሎ ጻፈ። በማግስቱ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ነበር። ሕዝቡ ለንግሥ ተሰብስቧል። ግራዚያኒ ለሮም ያስተላለፈው ቁጥር በመጀመሪያ 297 መነኮሳትና 23 ምእመናን ነው። ቀጥሎ 129 ዲያቆናት ተጨመሩ። ድምሩ 449 ይሆናል። በኋላ ከዐይን ምስክሮች የተሰበሰበው ግን ከ1,000 በላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ ቴሌግራሙ የሚያሳየን ገዳዩ ራሱ ያመነውን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አዝማሪዎችንም ገድለዋል ይባላል።

አዎ። ግራዚያኒ ራሱ ለሮም ጽፎታል። አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ባሕታውያን የጣልያን አገዛዝ ያልቃል እያሉ ያወራሉ፣ ስለዚህ ተይዘው እንዲጠፉ አዝዣለሁ ብሏል።

ጥያቄ፦ ይሄ ሁሉ ማስረጃ እያለ ግራዚያኒ ለምን በኢትዮጵያ ላይ ለሠራው አልተፈረደበትም?

የኢትዮጵያ መንግሥት የወራሪው ጦር አዛዥ የነበረው ባዶሊዮና ግራዚያኒ ያሉበትን የ10 ሰዎች ስም ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቅርቦ ነበር። አንዳቸውም ለኢትዮጵያ አልተሰጡም። ግራዚያኒን በ1942 የጣልያን ፍርድ ቤት 19 ዓመት ፈረደበት፤ ያውም ከጀርመን ጋር ስለተባበረ እንጂ ስለኛ አይደለም። በወራት ውስጥ ተፈታ። ጋዙንም ጣልያን በይፋ ያመነችው በ1988 ነው።

ጥያቄ፦ ቴሌግራሞቹ አሁን የት አሉ? ማንበብ ፈልጌ ነው።

ግራዚያኒ ወረቀቱን በጥንቃቄ የሚያስቀምጥ ሰው ነበር። የሱ ሰነዶች ዛሬ ሮም፣ በመንግሥት ማዕከላዊ መዝገብ ቤት ይገኛሉ። ካገኘሃቸው በመጀመሪያ ቀኑን እይ፣ ከዚያ የመጨረሻውን መስመር። ቀጥሎ ከአዲስ አበባ የሄደውን መልስ ፈልግ። ብዙ ጊዜ ቁጥር ነው።