መጫወቱን እወዳለሁ፤ ንድፈ ሐሳቡና ታሪኩ ግን ከኮሌጅ ሊያስወጡኝ ነው

ጥያቄ

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ? የሙዚቃ ኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ዋና መሣሪያዬ ቼሎ ነው። የምጽፍልዎ ትምህርቴን ላቋርጥ ወይስ ልቀጥል እያልኩ ልቤ ለሁለት ተከፍሎ እንቅልፍ ስላጣሁ ነው።

ቼሎ የጀመርኩት በልጅነቴ ነው። ኖታ ማንበብ ሳልለምድ በፊት የሰማሁትን ሁሉ በጆሮዬ ለቅሜ እጫወት ነበር። ኮሌጅ የገባሁትም በመግቢያ ፈተናው አጨዋወቴ ስለተወደደልኝ ነው። ከገባሁ በኋላ ግን የጠበቀኝ ሌላ ሆነ። አብዛኛው የክፍል ሰዓት የሐርሞኒ (የድምፆች ውሕደት)፣ የካውንተርፖይንት (ዜማን ከዜማ ጋር አብሮ የማስኬድ ጥበብ)፣ የሶልፌጅ (ኖታን በስሙ እየጠሩ መዘመር) እና የሙዚቃ ታሪክ ነው። ከዋና መሣሪያ መምህሬ ጋር የምገናኘው በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

የሐርሞኒ መልመጃዬ «ትይዩ አምስተኛ» እየተባለ በቀይ ተሰርዞ ይመለስልኛል። ለምን እንደሚከለከል የነገረኝ ሰው የለም፤ ደንብ ነው ተብሎ ታለፈ። ታሪክ ደግሞ ስምና ዓመተ ምሕረት መሸምደድ ሆነብኝ። የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ ስለኖረ አንድ ጣሊያናዊ መነኩሴ ማወቄ ደጋን ለያዘው እጄ ምን ይፈይድለታል?

በዚህ ዓመት የማጠናው የጀርመናዊውን አቀናባሪ የባኽን የመጀመሪያ የቼሎ ስዊት (በዳንስ ላይ የተመሠረቱ ክፍሎች ስብስብ) ነው፤ መግቢያውን ፕሬሉዱንና ከዳንሶቹ አንዱን ሳራባንዱን። እዚያም ቢሆን ግራ ተጋብቻለሁ። ፕሬሉዱ ሁለተኛ ባር (በኖታ ላይ በመስመር የሚለይ የምት ክፍል) ላይ ያለውን ሚ በቅኝት መለኪያ አረጋግጬ፣ መርፌው መሐል ላይ ቆሞ እያየሁት፣ መምህሬ «ከፍ ብሏል፤ አድምጪ» ይሉኛል። ሳራባንዱን ለፈታኞች ስጫወት ደግሞ «ቆሞ ቀረ፤ አይራመድም» ተባልኩ። የት ጋ እንደቆመ ግን አልገባኝም።

በንድፈ ሐሳብ የሚባክነውን ሰዓት ለማካካስ ሌሊት ሌሊት እለማመዳለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የግራ እጄ አንጓ ያመኝ ጀምሯል፤ ይለፍልኛል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ «የጀመርሽውን ጨርሺ» ትላለች። እኔ ግን ኮሌጁን ትቼ ከመምህሬ ጋር በግል ብማር፣ ሰዓቴን በሙሉ ለቼሎዬ ብሰጥ የሚሻል ይመስለኛል። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባት ቼሎ ተጫዋች

መልስ

ውድ ልጄ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ እጅሽ ልናገር፤ የቀረው ሊቆይ ይችላል። የሌሊቱን ልምምድ ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ ለመምህርሽም ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ሕመምን ችሎ መለማመድ ትጋት እየመሰላቸው ብዙ ሙዚቀኞች ተጎድተዋል። ጀርመናዊው ሮበርት ሹማን በወጣትነቱ የሚተጋው ፒያኖ ተጫዋች ለመሆን ነበር። የቀኝ እጁ ጉዳት ያንን ተስፋ ቆረጠው። ፊቱን ወደ ድርሰት መልሶ ታላቅ ሰው ሆነ፤ እጁ ግን አልተመለሰለትም። መምህርሽ በዚህ ይቆጡኛል ብለሽ አትፍሪ፤ የተማሪያቸው እጅ ከተጎዳ በኋላ ከመስማት አሁን መስማት እንደሚሻላቸው አልጠራጠርም።

አሁን ወደዚያ ወደ ሚ እንሂድ፤ ለጥያቄሽ ግማሹ መልስ እዚያው ነው።

እጅሽ ሲሻለው ቼሎሽን ያዢና ይህን ሞክሪ። አራቱን ክሮች፣ ዶን፣ ሶልን፣ ሬንና ላን፣ ረጋ ብለሽ ቃኚ። በሬ ክር ላይ በመጀመሪያ ጣትሽ ሚን ያዢ፤ ከላይ ካለው ከባዶው (በጣት ካልተያዘው) የላ ክር ጋር አንድ ላይ በደጋን ሳቢው። ሁለቱ ድምፆች መንቀጥቀጣቸውን ትተው እስኪረጉ ድረስ ጣትሽን በጥቂቱ አስተካክዪ። ከረጉልሽ በኋላ ጣትሽን ፈጽሞ ሳታንቀሳቅሺ ያንኑ ሚ ከታች ካለው ከባዶው የሶል ክር ጋር ሳቢው። ይጎረብጣል። እንዲረጋ ድምፁን ጥቂት ዝቅ ማድረግ ይኖርብሻል፤ ዝቅ ስታደርጊው ደግሞ ከላ ጋር የነበረው ስምምነት ይፈርሳል።

ይህ የቁጥር ሥራ ነው። ተጎራባች ክሮችሽ የተቃኙት በ3 ለ2 የንዝረት ምጣኔ ነው። ከላ በ4 ለ3 ምጣኔ ወርደሽ የምታገኚው ሚ ከሶል ጋር ሲለካ 27 ለ16 ይሆናል። ከሶል ጋር ሳይንቀጠቀጥ የሚረጋው ስድስተኛ (ከሶል እስከ ሚ ያለው ርቀት) ግን 5 ለ3 ነው። በሁለቱ ሚዎች መካከል ያለው ልዩነት 81 ለ80፣ ማለትም የግማሽ ቶን (በፒያኖ ላይ የሁለት ተጎራባች ቁልፎች ርቀት) አንድ አምስተኛ ያህል ነው፤ ለሠለጠነ ጆሮ በጣም ብዙ ነው። የቅኝት መለኪያሽ ደግሞ ኦክታቭን (ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት) በ12 እኩል ቦታ ከፍሎ ስለሚያስብ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ሚ ያሳይሻል። በፕሬሉዱ ሁለተኛ ባር ላይ የምትጫወቺው ሚ የሚያርፈው በባዶው ሶል ላይ ነው። ስለዚህ መምህርሽ «ከፍ ብሏል» ማለታቸው ልክ ነው፤ መለኪያውም የሚያውቀውን ነው የተናገረው። ሁለቱን የሚያስታርቅልሽ እውቀት ያለው አንቺ ሰዓቴን ይበላብኛል በምትዪው የንድፈ ሐሳብ ክፍል ውስጥ ነው።

እውነቱን ለመናገር በዚህ ጉዳይ የምቆጨው በትምህርቱ አሰጣጥ ነው። አጨዋወት በአንድ ክፍል፣ ሐርሞኒ በሌላ፣ ታሪክ በሦስተኛው፤ መምህራኑም እርስ በርስ ላይነጋገሩ ይችላሉ። ተማሪዋ ሦስት የማይተዋወቁ ነገሮችን የተሸከመች ይመስላታል። ንድፈ ሐሳብን ለረጅም ጊዜ አስተምሬአለሁ፤ በጆሯቸው እየለቀሙ ያደጉ ተማሪዎች ናቸው በዚህ ይበልጥ የሚጎዱት። ድምፁን ቀድመው ያውቁታል፤ የሚነገራቸው ስም ግን እነሱ ከሚያውቁት ድምፅ ጋር ሳይገናኝ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀርብላቸዋል። ሦስቱን ክፍሎች ኮሌጁ ካላገናኘልሽ በዚያው በምታጠኚው ስዊት ላይ አንቺ ልታገናኚያቸው ትችያለሽ።

የፕሬሉዱን የመጀመሪያዎቹን አራት ባሮች ተመልከቺ። ባዶው ሶል ከሥር ሳይነቃነቅ፣ በላዩ ላይ ቶኒክ (በመነሻው ድምፅ ላይ የሚቆመው ኮርድ፣ ማለትም የድምፆች ጥምር)፣ ከዚያ ሳብዶሚናንት (በአራተኛው ድምፅ ላይ የሚቆመው)፣ ከዚያ ዶሚናንት (በአምስተኛው ላይ የሚቆመው)፣ ከዚያ ተመልሶ ቶኒክ ይመጣል። ሦስተኛው ባር ላይ የሚሰማሽ መወጠር ከየት መጣ ብትዪ ከሥሩ ካልተነቃነቀው ሶል ጋር ስለሚጋጭ ነው። መጨረሻው አካባቢ ደግሞ ሬ እየተደጋገመ ዜማው በግማሽ ቶን፣ በግማሽ ቶን ሽቅብ ይወጣል፤ እረፍት የሚገኘው የመዝጊያው የሶል ኮርድ ሲደርስ ብቻ ነው። ይህን ኮርዶች በሚሰየሙበት በሮማውያን ቁጥር ወረቀት ላይ ከመጻፍሽ በፊት የእያንዳንዱን ባር የታችኛውን ድምፅ ብቻ እያወጣሽ ዘምሪው። ቼሎ አያስፈልግሽም፤ እጅሽ እስኪድን ድረስ ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላውቅልሽም። የደጋንሽ ክብደት የት እንደሚጨመርና የት እንደሚቀነስ ከዚያ በኋላ ራስሽ ትሰሚዋለሽ።

ትይዩ አምስተኛን ባጭሩ ልንገርሽ። በአምስተኛ ርቀት (ለምሳሌ ከዶ እስከ ሶል) ያሉ ሁለት ድምፆች እጅግ ስለሚዋሐዱ፣ ተያይዘው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጓዙ ጆሮ አንድ ወፍራም ድምፅ አድርጎ ይሰማቸዋል። ለአራት ዘማሪ የጻፍሽው የሦስት ዘማሪ መስሎ ይሰማል። እያንዳንዱ ድምፅ በራሱ መንገድ እንዲሄድ በሚፈለግበት አጻጻፍ የተከለከለው ለዚህ ነው፤ በሌላ ዘመንና በሌላ ዓይነት ሙዚቃ ግን ያው ድምፅ ሆን ተብሎ ይፈለጋል። አቀናባሪው ሃይድን ካውንተርፖይንትን ያጠናው ፉክስ የተባለው የቪየና ሊቅ በ1725 ባሳተመው መጽሐፍ ብቻውን ተቀምጦ መልመጃዎቹን እየሠራ ነው። አንቺ ቢያንስ መልመጃውን የሚያርምልሽ ሰው አለሽ፤ ምክንያቱን ካልነገሩሽ ደግሞ እጅሽን አውጥተሽ ጠይቂ።

ያ መነኩሴም ጉዊዶ ዳሬትሶ መሆን አለበት። የመዝሙር ስንኞችን መነሻ ቀለማት ወስዶ ለድምፆች ስም አደረጋቸው፤ መዘምራን ሰምተውት የማያውቁትን ዜማ ከገጽ ላይ አይተው እንዲዘምሩ ማለት ነው። ሶልፌጅ ክፍል የምትዪው ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ከእርሱ የመጣ ነው፤ ዶ ብቻ በእርሱ ጊዜ «ኡት» ይባል ነበር። ለእጅሽ ባይሆን ለዓይንሽና ለጆሮሽ ውለታ ውሎልሻል።

ታሪክ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅምሽ ግን ለሳራባንዱ ነው። ሳራባንድ መጀመሪያ ጭፈራ ነበር፤ ያውም ነውረኛ ነው ተብሎ በስፔን በ1583 የታገደ ፈጣን ጭፈራ። ወደ ፈረንሳይ ሲሻገርና የቤተ መንግሥት ዳንስ ሲሆን እየዘገየ፣ እየከበረ መጣ፤ ባኽ ዘንድ የደረሰው በዚህ መልኩ ነው። በሦስት ምት ይሄዳል፤ ክብደቱ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ምት ላይ ይወድቃል። እንደ ብዙ ተማሪዎች አንቺም እያንዳንዱን ባር አንደኛው ምት ላይ አክብደሽ ጀምረሽ ከሆነ፣ ሁለተኛው ምት ይከስማል፣ ሦስተኛው ወዴት እንደሚሄድ ይጠፋዋል፣ ፈታኞችሽም «ቆሞ ቀረ» ይላሉ። ተነሺና ተራመጂበት። አንዱን ረግጠሽ፣ ሁለት ላይ ክብደትሽን አሳርፈሽ፣ በሦስት ወደ ቀጣዩ ባር ተሻገሪ። ሰውነትሽ ከያዘው በኋላ ደጋንሽ ይከተለዋል።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ጉዳዩ ለእኔ ውድ ነው። ባኽ በእጁ የጻፈው የእነዚህ ስድስት ስዊቶች ኖታ አልተገኘም። ከቀሩልን ግልባጮች መካከል ዋነኛው የባለቤቱ የአና ማግዳሌና ባኽ የእጅ ጽሑፍ ነው። ኖታዎችን በአንድ የደጋን ጉዞ የሚያስተሳስሩት ቅስት መስመሮች እዚያ ላይ ከየት ጀምረው የት እንደሚያበቁ ብዙ ቦታ አይታወቅም፤ ግልባጮቹም እርስ በርስ አይስማሙም። ስለዚህ ባኽ ያዘዘው መስሎሽ የምትከተዪው የደጋን ምልክት፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ የሕትመት አዘጋጅ ከጠረጴዛው ላይ የወሰነው ነው። ይህን የምታውቅ ተጫዋች ኖታዋን በሌላ ዓይን ታነባለች። የግልባጩን ቅጂ ከቤተ መጻሕፍት አስወጪና ከያዝሽው ሕትመት ጋር ባር በባር አስተያዪ፤ በማይስማሙበት ቦታ ሁለቱንም ተጫወቺና የትኛው ለዳንሱ እርምጃ እንደሚመች ራስሽ ወስኚ። ታዋቂው ቼሎ ተጫዋች ፓብሎ ካሳልስ የእነዚህን ስዊቶች ሕትመት በ1890 ባርሴሎና ውስጥ ያገኘው ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ሙሉውን ስብስብ ያስቀረጸው ግን ከ1936 እስከ 1939 ባሉት ዓመታት ነው። በመካከሉ ያለፈውን ዘመን አስቢው፤ ያ ሁሉ ጊዜ ጣት በማፍጠን ብቻ አላለቀም።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ አሁን አትውጪ እላለሁ። የግል መምህር ድንቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን በሳምንት አንድ ሰዓት ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ስትቀመጪ አራት ሆኖ መጫወትን፣ በኦርኬስትራ ውስጥ ሌላውን እየሰሙ መተንፈስን፣ አንድ ዓይነት ዕዳ ያለባቸው እኩዮችን አታገኚም። በተለይ ቼሎ ብቻውን የሚኖር መሣሪያ አይደለም፤ የምትይዢው የታችኛውን ድምፅ ነው፤ ሐርሞኒ የማይሰማት ቼሎ ተጫዋች ደግሞ አብረዋት የሚጫወቱትን ሁሉ ታደክማለች። ይህን ጠንከር አድርጌ የምናገረው ስለማምንበት ነው። እናትሽ እንዳሉት የጀመርሽውን ለመጨረስ ብቻ ብለሽ ቆዪ አልልሽም፤ ለመጨረስ ሲባል ብቻ የሚጨረስ ትምህርት ብዙም አይጠቅምም።

በሚቀጥለው ሳምንት የሐርሞኒ መምህርሽን «የትንተና ሥራዬን በፕሬሉዱ ላይ ልሥራ?» ብለሽ ጠይቂ። የታሪክ ጽሑፍ ሲታዘዝሽ ሳራባንድን ምረጪ። የግማሽ ሰዓት ሶልፌጅ በየቀኑ ከሳምንት አንድ ቀን ረጅም ጥናት ይበልጣል። የቼሎ ልምምድሽን በአጫጭር ክፍለ ጊዜ ከፍለሽ በመካከሉ እጅሽን አሳርፊ፤ ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድልሽ ሐኪሙና መምህርሽ ይወስኑ። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ካለፈ በኋላም መውጣት ከፈለግሽ ጻፊልኝ፤ ያኔ የግል መምህር ስለ መምረጥ በዝርዝር እንነጋገራለን። የእጅሽን ነገር ግን ሐኪሙ እንዳየሽ ወዲያውኑ አሳውቂኝ።