«የማንን ዓይን ነው የምትተክሉልኝ?»

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ የሆስፒታል አስተርጓሚ ነኝ። በካንሰር ምክንያት አንድ ዓይናቸው ከነቆቡ ለወጣላቸው አዛውንት፣ ሐኪሙ የሰው ሠራሽ ዓይን መያዣ እንደሚገባላቸው ሲያስረዳ «ንቅለ ተከላ» ብዬ ተረጎምኩ። አዛውንቱ ደንግጠው «የማንን ዓይን ነው የምትተክሉልኝ?» አሉኝ። ምን ማለት ነበረብኝ? ደግሞስ «የዓይን ጉድጓድ» ማለት አያስቀይምም?

መልስ፦ አባባ ልክ ናቸው። «ንቅለ ተከላ» ውስጥ ሁለት ግሦች አሉ፤ ነቀለና ተከለ። ኩላሊት ከአንዱ ሰው ወጥቶ ለሌላው ይገባል፣ ችግኝ ከመደብ ተነቅሎ ማሳ ላይ እንደሚተከለው። እዚህ ግን ከማንም የተነቀለ ነገር የለም። የሚገባው የቲታኒየም ብሎን ነው፤ ርዝመቱም ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ «ተከላ» ይበቃል። «አጥንትዎ ላይ ትንንሽ ብሎኖች ይተከላሉ፤ ሰው ሠራሹ ዓይን እነሱ ላይ ይያያዛል» ይበሏቸው። «አያይም፣ ለመልክ ነው» የምትለዋን አይርሱ። «ዓይን ተከላ» ሲባል ብርሃን የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው።

«ጉድጓድ» አያስቀይምም። በሽተኛ ጠይቀን ስንመለስ «ዓይኑ ጎድጉዷል» እንል የለ? «ስርጉድ» የሚሉም አጋጥመውኛል፤ እሱን ለቆንጆ ጉንጭ እንተወው። ችግሩ ሌላ ነው፤ ብሎኑ የሚተከለው ጉድጓዱ ውስጥ ሳይሆን ዙሪያው ላይ ነው። መጀመሪያ «አፋፍ» የሚለውን ወድጄው ነበር። ጉድጓድ ካለ አፋፍ አለው። ግን «ሞት አፋፍ ላይ» የሚለው ትዝ ሲለኝ ለታካሚ አልመረጥኩትም። «ጠርዝ» ይሻላል።

አሁን ጣትዎን ከቅንድብዎ ሥር ያሳርፉ። ጠንከር ያለው ጠርዝ የግንባር አጥንት ነው። በጆሮ በኩል ወደ ታች ሲዞሩ የጉንጭ አጥንት ያገኛሉ። ብሎን በደንብ የሚይዘው ይኸው የላይኛውና የውጭው ወፍራም ክፍል ነው። «ጉንጭ» ብቻ ብለው ግን አይተዉት። ጉንጭ ሥጋው ነው፤ «ጉንጩ ውስጥ ብሎን» የሰማ ሰው አፉን ነው የሚይዘው። ከታች በአፍንጫ በኩል ያለው ደግሞ የላይኛው መንጋጋ አጥንት ነው። እዚህም «አጥንት» የሚለው ይግባ፤ «መንጋጋ» ከተባለ ሰው ጥርሱን ያስባል። በአፍንጫ በኩል ያለው የጉድጓዱ ግድግዳ እጅግ ስስ ነው፤ የላቲን ስሙም «ወረቀት መሳይ» ማለት ነው። ብሎን የሚሸከም አይደለም። በጠቅላላው ጉድጓዱን የሠሩት አጥንቶች 7 ናቸው፤ ሁሉንም ለታካሚ መዘርዘር አያስፈልግም።

አንድ ቃል ይቀረኛል። አጥንት ቲታኒየምን እንደ ባዕድ አይገፋም፤ ከወራት በኋላ ተጣብቆ ያድግበታል። ስዊድናዊው ሐኪምና ተመራማሪ ብሮኔማርክ በ1965 እ.ኤ.አ. ይህን ለጥርስ ተከላ ተጠቅሞበታል። ታዲያ ተከላው መሳካቱን በምን እንግለጸው? ችግኝ ቢሆን «ጸደቀ» እንል ነበር። ካንሰር ለያዛቸው አዛውንት ግን ይህን ቃል ባያነሱት ይሻላል። «አጥንትዎ ብሎኑን ይዞታል» ይበሏቸው።