ታፔላው የእኔ ነው፤ ፈቃዱን የማውጣት ኃላፊነትስ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን

ውድ የዝግጅት ክፍል፤ በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ ፎቅ ቤት ምድር ላይ ሱቅ ተከራይቼ የግንባታ ዕቃዎች እነግዳለሁ። ባለፈው ጥቅምት ከአንድ ታፔላ ሠሪ ጋር ተነጋግሬ አራት ሜትር ርዝመት ያለው፣ ውስጡ መብራት የገባለት ታፔላ አሠራሁ። በዋጋው ስንስማማ «ሠርተን፣ ሰቅለን፣ አብርተን እናስረክባለን» አሉኝና ግማሹን ክፍያ አስቀድሜ ሰጠሁ፤ ስለ ፈቃድ ግን በመካከላችን አንድም ቃል አልተነሣም። ታፔላው በተሰቀለ በሦስተኛው ሳምንት ደንብ አስከባሪዎች መጥተው ፈቃድ ስለሌለው እንዳነሣው አዘዙኝ። ታፔላ ሠሪው «የእኔ ሥራ ሠርቶ መስቀል ነው» ይላል። አከራዬም «ግድግዳውን ፈቀድኩልህ እንጂ ማዘጋጃ ቤት ልሄድልህ አልተዋዋልንም» ይሉኛል። ፈቃዱን ማውጣት የነበረበት ማን ነው? ታፔላው ቢነሣስ ኪሳራው የማን ነው?

መልስ፦

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ የምንሰጥዎ መልስ እርስዎን ደስ የሚያሰኝ አይደለም። በከተማው አስተዳደር ፊት ፈቃዱን የማውጣት ግዴታ በመጀመሪያ የሚመለከተው እርስዎን ነው፤ ምክንያቱም በታፔላው ላይ የተጻፈው የእርስዎ የንግድ ስም ነው፣ የሚተዋወቀውም የእርስዎ ንግድ ነው። ታፔላ ሠሪው ማመልከቻዎን ይዞ ቢሮ ለቢሮ ሊመላለስልዎ ይችላል፤ ይህን የሚያደርገው ግን እርስዎን ወክሎ ነው እንጂ ግዴታው ከእርስዎ ወደ እርሱ ዞሮ አይደለም።

ብዙ ነጋዴዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። ንግድ ፈቃድ ያወጣ ሰው ስሙን በበሩ ላይ ለመስቀልም አብሮ የተፈቀደለት ይመስለዋል። ንግድ ፈቃዱ ግን የሚፈቅደው መነገድን ብቻ ነው። ታፔላው ከሱቁ ወጥቶ እግረኛ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ይንጠለጠላል፣ የጎረቤትን መስኮት ሊጋርድ ይችላል፣ የአሽከርካሪንም ዓይን ይስባል። ከቤት ውጭ የሚደረግ ማስታወቂያ በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የራሱ ሕግ የወጣለትና ከንግድ ፈቃዱ ተለይቶ የሚታየው ስለዚህ ነው።

አከራይዎ ያሉት በከፊል እውነት ነው። ግድግዳውን መፍቀድ አንድ ነገር ነው፤ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ፈቃድ ማውጣት ሌላ ነው። የእርሳቸው ፈቃድ ያስፈልግዎታል፤ በቃል ብቻ ከሆነም በጽሑፍ ያስደርጉት፣ ከማመልከቻዎ ጋር ሊጠየቁት ይችላሉና። ይሁን እንጂ አከራይዎ ጉዳዩ ጨርሶ አይመለከተኝም ብለው የሚያስቡ ከሆነ ተሳስተዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም፣ አደጋው አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችል ቢሆን እንኳ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ያው ሕግ በቁጥር 2080 ደግሞ ከሕንፃ ላይ የሚወድቅ ነገር ለሚያደርሰው ጉዳት በሕንፃው የሚኖር ሰው ኃላፊ ነው ይላል። በግድግዳ ላይ በብሎን የታሰረ ታፔላ የሕንፃው አካል ነው ወይስ ከሕንፃው የሚወድቅ ዕቃ የሚለው ሊያከራክር ይችላል። ይሁንና በአንደኛው መንገድ ቢሄዱ ባለቤቱ፣ በሌላው ቢሄዱ ተከራዩ ይገኛሉ፤ ከሁለት አንዳቸው ማምለጣቸው አስቸጋሪ ነው።

ይህን የምናነሣው ለማስፈራራት አይደለም። የደብረ ብርሃንን ነፋስ የሚያውቅ ሰው አራት ሜትር ላሜራ በጥቂት ፊሸር ተይዞ ሲወዛወዝ አይቶ ዝም ብሎ በሥሩ ማለፍ አይሆንለትም። ታፔላ ነፋስን እንደ ሸራ ይቀበላል፤ ስፋቱ በበለጠ መጠንም የሚገፋው ኃይል ይጨምራል፣ ያም ኃይል በሙሉ የሚያርፈው በማሰሪያዎቹና ማሰሪያዎቹ በተቀበሩበት ብሎኬት ላይ ነው። ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ከሆነ ብሎኑ ቢጠብቅም የሚይዘው ጠንካራ ነገር አያገኝም። ፈቃድ ሰጪው ክፍል ልኩን፣ ከመሬት ያለውን ከፍታና የሚታሰርበትን መንገድ ሲጠይቅ ብዙ ሰው እንግልት ይመስለዋል፤ እኛ ግን ከጠቅላላው ሂደት ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ጥያቄ ነው ብለን እናምናለን። የእርስዎ ታፔላ መብራትም ስላለው የኤሌክትሪክ ሽቦ በአጠገቡ ማለፍ አለማለፉንና የውስጡ መስመር ዝናብ እንዳያገኘው መዘጋቱን ባለሙያ ይይልዎት።

አሁን ወደ ታፔላ ሠሪው እንመለስ። በእርስዎና በእርሱ መካከል የሚፈርደው ውላችሁ ነው። ውል በቃል ቢደረግም በመሠረቱ የጸና ነው፤ የእናንተ ቃል ግን «መሥራት፣ መስቀል፣ ማብራት» እንጂ «ፈቃድ ማውጣት» አልነበረም፤ ስለዚህ ውሉን አፈረሰ ብሎ መክሰስ በቀላሉ የሚያዋጣ መንገድ አይመስለንም። ሆኖም የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1713 ተዋዋዮች የሚገደዱት በተናገሩት ብቻ ሳይሆን ከውሉ ዓይነት አንጻር ልማድ፣ ርትዕና ቅን ልቡና በሚያስከትሉትም ጭምር እንደሆነ ይናገራል። በየቀኑ ታፔላ እየሠራ የሚኖር ሰው ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ያውቃል፣ ወይም ሊያውቅ ይገባዋል። አውቆ ሳይነግርዎ ግድግዳውን ከበሳ፣ ቢያንስ ታፔላውን የማንሣትና መልሶ የመስቀል ድካሙን ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሸከም መጠየቅዎ አግባብ ነው። ለወደፊቱ ፈቃዱን አወጣለሁ ብሎ በውል ከገባ በኋላ ሳያወጣ ቢቀር ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ያኔ በቁጥር 1772 መሠረት ማስጠንቀቂያ ሰጥተው፣ በቁጥር 1771 መሠረት እንዲፈጽም ማስገደድ ወይም ውሉን ማፍረስ፣ ካሳም መጠየቅ ይችላሉ።

እስከዚያው ግን ታፔላውን ለማዳን ይሞክሩ። ከደንብ አስከባሪዎቹ የማንሻ ትእዛዙን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ችግሩ የፈቃድ አለመኖር ብቻ ነው ወይስ መጠኑና ቦታው ጭምር ነው የሚለው ከዚያ ይታወቃል። ቀሪውን ግማሽ ክፍያ ገና ካልከፈሉ ታፔላ ሠሪውን ይዘው ወደ ከተማው አስተዳደር አብራችሁ ብትሄዱ ይሻላል፤ ሥዕሉንና ልኩን የሚያውቀው እርሱ ነው። አስተዳደሩ ጊዜ የማይሰጥ ከሆነ ታፔላውን ሳይሰበር አስወርደው በሱቅዎ ውስጥ ያቆዩት።

ሌላ ጊዜ ሲያሠሩ ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር በውሉ ውስጥ ያስገቡ፦ «ሠሪው በአሠሪው ስም አስፈላጊውን ፈቃድ አውጥቶ ሰነዱን ሳያስረክብ የመስቀል ሥራ አይጀምርም፤ ቀሪው ክፍያም የሚከፈለው ፈቃዱ ከወጣና ታፔላው ከተሰቀለ በኋላ ነው።» የፈቃዱን ወጪ ማን እንደሚከፍልም አብሮ ይጻፍ።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት

የምግብ ቤቴን መግቢያ የሚያመለክት ታፔላ ከዋናው አስፋልት ዳር በብረት ምሰሶ መትከል እፈልጋለሁ። የከተማው አስተዳደር ፈቃድ ይበቃኛል?

መልስ፦

የምሰሶው ቦታ ይወስነዋል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲናና በከተማችሁ አልፎ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ የሚዘልቀው መንገድ የፌዴራል ዋና መንገድ ነው፤ የፌዴራል መንገዶችን የሚያስተዳድረውም የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። ስለዚህ ምሰሶው በመንገዱ ወሰን ውስጥ የሚያርፍ ከሆነ የከተማውን ፈቃድ ብቻ ይዘው አይትከሉ፤ ቦታውን አስለክተው የመንገዱን አስተዳዳሪም ይጠይቁ። መንገዱ ሲጠገን ወይም ሲሰፋ በወሰኑ ውስጥ ያለ ፈቃድ የተተከለ ነገር ይነሣል፤ ወጪውንም የሚተካልዎት የለም። ከጣርማበር ቁልቁል ጭነት ይዘው የሚመጡ ከባድ መኪናዎችም በከተማችሁ ያልፋሉና ምሰሶው የአሽከርካሪውን እይታ እንዳይከልል ማሰብ ግድ ነው።

በግቢዎ አጥር ውስጥ፣ በራስዎ ይዞታ ላይ ቢተክሉት ከመንገዱ ወሰን ጋር የተያያዘው ጣጣ ይቀርልዎታል። የከተማውን ፈቃድ ግን ያኔም ማውጣት አለብዎት።