ከ6 ላይ 2.35 ሲቀነስ ልጄ 4.35 ይለኛል

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ አምስተኛ ክፍል ነው። ሙሉ ቁጥር ሲደምርም ሲቀንስም አይሳሳትም፤ ነጥብ ያለበት ሲመጣ ግን ይጠፋዋል። 12.47 ሲደመር 3.5 ስንት ነው ስለው 12.82 ይላል። ከ6 ላይ 2.35 ሲቀንስ ደግሞ 4.35። «ነጥብን ከነጥብ ሥር አድርግ» ብዬ ስንቴ ብነግረው ያው ነው። ምን ላድርግ? (የተማሪ እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ የልጅዎን ስሕተት እንዳለ ጽፈው ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ልጅዎ መደመር አልጠፋውም። 12.82 የመጣው 3.5ን እንደ ሙሉ ቁጥር በቀኝ በኩል አሰልፎ፣ 5ን ከ7 ሥር፣ 3ን ከ4 ሥር ስለጻፈ ነው። እስከ አራተኛ ክፍል ይህ አሰላለፍ አላሳፈረውም፤ የሙሉ ቁጥር የመጨረሻ አሃዝ ሁልጊዜ አንድ ቤት ነውና። አስርዮሽ ላይ ግን የመጨረሻው አሃዝ አሥረኛም መቶኛም ሊሆን ይችላል። የ3.5 አምስት አሥረኛ ስለሆነ የሚደመረው ከ4 ጋር ነው፤ መልሱም 15.97።

የነገሩት ደንብ ትክክል ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። 6 ላይ ነጥቡ የት አለ? ልጁ ነጥብ ስላላየ .35ን እንዳለ አወረደው።

ዛሬ ማታ ይህን ይጠይቁት፦ ከ0.5 እና ከ0.35 የትኛው ይበልጣል? «0.35» ካለዎት ችግሩ ተገኘ፤ ከነጥብ በኋላ ያለውን ራሱን እንደቻለ ሙሉ ቁጥር እያነበበው ነው። እኛም «ዜሮ ነጥብ ሰላሳ አምስት» እያልን እናባብሰዋለን። «ዜሮ ነጥብ ሦስት አምስት» ብለው ያንብቡለት።

ከዚያ ባለ ካሬ ደብተር ላይ 10 በ10 የሆነ ትልቅ ካሬ ያስምሩት። ትልቁ ካሬ 1 ነው፤ አንዱ ቋሚ ረድፍ አንድ አሥረኛ፤ አንዷ ትንሽ ካሬ አንድ መቶኛ። 0.5ን ሲያቀልም አምስት ረድፍ ይሞላል፤ 0.35ን ሲያቀልም ሦስት ረድፍና አምስት ትንንሽ ካሬዎች። 0.5 እና 0.50 እኩል መሆናቸውንም በዓይኑ ያያል። ይህን ሳያይ «ከኋላ ዜሮ ጨምር» እንዲባል ፈጽሞ አልፈልግም፤ ዜሮ ሲጨመር 5 ወደ 50 እንደሚያድግ የተማረ ልጅ ነውና።

አሁን ወደ መቀነሱ። 6 ማለት 6.00 ነው። መቶኛው ቤት ባዶ፣ አሥረኛውም ባዶ፤ ስለዚህ ብር እንደሚመነዘር ከስድስቱ አንዱን ወደ 10 አሥረኛ ይመንዝር፤ ከእነዚያም አንዱን ወደ 10 መቶኛ። እጁ ላይ 5 አንድ፣ 9 አሥረኛ እና 10 መቶኛ ይኖረዋል። 2.35 ሲነሣለት 3.65 ይቀራል። መልሱን ከ2.35 ጋር ደምሮ 6 መምጣቱን ራሱ ያረጋግጥ።

ብዙ ወላጅ በብርና በሳንቲም ያስረዳል። ይጠቅማል፤ ነገር ግን 3.5 ብርን «ሦስት ብር ከአምስት ሳንቲም» ብለው የሚያነቡ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ሳንቲም ራሱ ዛሬ እጃቸው እምብዛም አይገባም። እኔ ክፍል ውስጥ የሯጮቻችንን ሰዓት እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ 10,000 ሜትሩን በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ ጨረሰ፤ ፖል ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29። ልዩነቱ ስንት ነው? «0.9!» የሚል አይጠፋም። 0.9 ቢሆንማ ቴርጋት ብዙ እርምጃ ወደ ኋላ በቀረ ነበር፤ ልዩነቱ 0.09 ነው። ያቺ ከነጥብ ቀጥላ ያለች ዜሮ ለልጆቹ ትርጉም የምታገኘው ያኔ ነው። ለጠንካሮቹ ደግሞ ቀነኒሳ በቀለ በ10,000 ሜትር ያስመዘገባቸውን ሁለት የዓለም ክብረ ወሰኖች እሰጣለሁ፦ እ.ኤ.አ. በ2004 26 ደቂቃ ከ20.31፣ በ2005 26 ደቂቃ ከ17.53። ልዩነቱ 2.78 ሰከንድ ነው፤ ምንዛሬው ደጋግሞ ይመጣል። ደቂቃቸው አንድ የሆነ ሰዓቶችን ብቻ ይምረጡ፤ ደቂቃ ወደ ሰከንድ የሚመነዘረው በ60 ነውና።

አንድ ልማድ ደግሞ ያስይዙት፦ ከማስላቱ በፊት መልሱ ወደ ስንት እንደሚጠጋ ይናገር። 12 እና 3 ብቻ 15 ከሆኑ፣ 12.82 ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ ልጄ እዚህ ጀርመን ትማራለች። በነጥብ ፋንታ ኮማ ትጽፋለች። ላርማት? (አባት፣ ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ አያርሟት፤ ጀርመን ውስጥ ትክክሉ ኮማው ነው። እዚያ 1.500 ተብሎ ሲጻፍ አንድ ሺህ አምስት መቶ ማለት ነው። የአማርኛ የሂሳብ መጽሐፍ ስትከፍቱ ብቻ ነጥቡ የኮማውን ሥራ እንደሚሠራ ይንገሯት። የቤቶቹ አሰላለፍ በሁለቱም አንድ ነው፤ ከላይ ያለው የካሬ ሥራም ለእርሷ እንዳለ ይሆናታል።